የድምፅ ወንፊት

ሀብታሙ በአጥሩ ጥግ ቆሞ ለተከራይዋ ለሂዳያ፣ «እናቴ ጆሮዋ ከድቷታል፤ ጭንቅላቷም እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ስፒከሮቹን ይወስዳቸዋል፤ እስከዚያ ቻሏት» ሲላት፣ እናቱ ጌጤ ከቤቱ ጀርባ በልብስ ማስጫው ሥር ቆማ አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ሁሉንም ሰማች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገራትን «ቻሏት»ን እንኳ ሳትቀር ሰማች። አንሶላውን ውኃ ጠብ እስከማይለው ድረስ ጨመቀችው፤ አራግፋ አሰጣችው፤ ጠርዙን ይዛ ሁለት ጊዜ ጎተት ጎተት አደረገችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች በጓሮ በር ገባች። ልጇ በኮሪደሩ ሲያልፍ «እንዴት አደርሽ፣ እማዬ» አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ግን ከወዲሁ የጣራውን ቆርቆሮ ማንጣጣት ጀምራለች።

ቤቱ አስፋልቱን ፊት ለፊት የሚያይ ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ከፊት ያለው ሰፊው ክፍል የጌጤ ነው፤ ከጎኑ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሂዳያና ባጃጅ ነጂው ባሏ አብዱልሰመድ ተከራይተዋታል፤ ከኋላ ያሉትን ሁለቱን ሀብታሙና ሚስቱ ወይንሸት ይዘዋቸዋል። ከግቢው በር አጠገብ ደግሞ አሮጌ ጆንያና የተሰበረ አልጋ የታጨቀበት ዕቃ ቤት አለ። በጌጤ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ከሂዳያ ጋር የሚያዋስነውን ግድግዳ ተጠግተው የቆሙ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉ። ሳጥናቸውን ራሷ ልኬት ሰጥታ በዋንዛ ያሠራችው ነው፤ ወገቧ ድረስ ይደርሳሉ። ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጠውን ማጉያ (አምፕሊፋየር) ደብረ ሲና ላይ ከተዘጋ ቡና ቤት በስድስት ሺህ ብር ገዝታ፣ የተቃጠለውን አውጥታ ቀይራ ነው ነፍስ የዘራችበት። ጌጤ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት የሬዲዮ ክፍል ሠርታለች። የትምህርት በሬዲዮ ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮኑን ተሸክማ ትገባለች፤ ጣቢያውን አስተካክላ፣ ለመምህሩ አስረክባ፣ በሩን ዘግታ ትወጣለች። ሲበላሽ ፈታ ትጠግናለች። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዱን ፕሮግራም እንኳ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቁጭ ብላ ሰምታው አታውቅም። ጡረታ በወጣች በዓመቱ ወንበሯን በሁለቱ ስፒከሮች ፊት ለፊት፣ ልክ መሐል ላይ አኖረች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ትመለስና ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ዘፈን ትሰማለች። ጮክ አድርጋ ነው የምትሰማው። ሰፈሩ «ሴትዮዋ በስድሳ ሦስት ዓመቷ ጭፈራ ቤት ከፈተች» ይላል። ይበል ብላ ትተዋለች።

የዛሬውን አልከፈተችም። ሀብታሙ ወደ ገበያ ወጣ እስኪል ጠብቃ የሂዳያን መጋረጃ ገለጠች። ሂዳያ የስድስት ወር ልጇን እያጠባች ነበር። ስታያት ደነገጠች፤ ሻሿን አስተካክላ፣ ከበርጩማው ላይ የልጅ ጨርቅ አነሣችና እንድትቀመጥ ለመነቻት። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደገባ አወሩ። ልጁ ጥርስ ሊያወጣ ይሆን እንዴ ተባባሉ። ከዚያ ወሬው አለቀና ሁለቱም የልጁን እግር ሲያዩ ቆዩ። ጌጤ ነገር ማዞር አይሆንላትም፤ ዕቃውን አስወጡልኝ ብለሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ወላሂ አላልኩም፣ እትዬ ጌጤ» አለች ሂዳያ። «ዘፈኑንማ እኔም እዚሁ ሆኜ አብሬዎት እሰማዋለሁ። ያስቸገረኝ ይሄ ድው ድው የሚለው ነው። ግድግዳውን አልፎ ሳህኖቼን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ልጁም ይባንናል። ለሀብታሙ ከነገርኩት ሳምንት አልፎታል። ቀስ ብሎ እንዲነግርዎት ነበር።»

ሀብታሙ ሳምንቱን ሙሉ በበሯ ሲያልፍ ሲያገድም ከርሞ አልነገራትም። ጌጤ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቆርቆሮ መደርደሪያ ሄደች። ስድስት ሳህን፣ አራት ብርጭቆ፣ አንድ ትልቅ ትሪ። ትሪውን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ዘለግ ያለ ድምፅ ሰጠ። ከሰዓት በኋላ እቤት ትኖሪ እንደሆነ፣ እኔ ከዚያ ወገን ዘፈን ስከፍት አንቺ ከዚህ ሆነሽ ሳህኖቹን ታዪልኝ እንደሆነ ብላ ጠየቀቻት። ሂዳያ ምን ልታደርግ እንዳሰበች አልገባትም፤ ግን እሺ አለች። ጌጤ መጋረጃውን ለቃ ልትወጣ ስትል ደግሞ፣ ሂዳያ እንዳፈረ ሰው ዓይኗን ሰብራ፣ ጠዋት የተባለውን ከልቧ እንዳላመነችው ነገረቻት። አላመንኩትም ስትል ግን ድምፏ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ለማይሰማ ሰው እንደሚነገረው።

ድምፁን መቀነስ ብቻውን መላ እንደማይሆን ጌጤ ታውቃለች። የጭቃ ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል፤ ወፍራሙ ግን ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። ዘፈኑን ብትቀንሰው ቀድሞ የሚጠፋባት የዘፋኙ ቃል ነው፤ ድብደባው ለሂዳያ ይተርፋታል። የማጉያው የቤዝ መቆጣጠሪያ ደግሞ ከቡና ቤቱ ሲመጣ ጀምሮ ተሰብሯል። ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ሳይገባ፣ ገና ከማጫወቻው በሚመጣው ገመድ ላይ ሳለ መያዝ አለበት። ለዱቄት ወንፊት እንዳለው ሁሉ ለድምፅም አለው። በገመዱ መሐል ካፓሲተር ይገባል፤ ቀጭኑን ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ይመልሳል፤ ከኋላው ሬዚስተር ወደ ምድሩ ሽቦ ይታሰራል። ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ። የመብራት ደረሰኝ ገልብጣ በእርሳስ አሰላችው። ሁለት ጊዜ አሰላችው፤ ሁለቱም ጊዜ አንድ ሆነ። ጭንቅላቷ እንደ ድሮው አይደለም ላለው ሰው መልስ ይሆናል ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ በጡቶቿ መሐል ከተተችው።

የሙሄ ሬዲዮ መጠገኛ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ ሽንኩርትና ማሾ ከሚጫንበት ሜዳ ጥግ ላይ ነው። ጌጤ በባጃጅ አልሄደችም፤ በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ የሚያውቋት ሰዎች ሰላም ሲሏት ዛሬ ሁሉም ከወትሮው ይበልጥ ጮኸው የሚናገሩ መሰላት። ሙሄ አርባ ዓመት ያለፈው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው፤ ከድሮ ጀምሮ ዕቃ ሲጎድለው ከእሷ፣ ሲጎድላት ከእሱ ይዋዋሳሉ። የፈለገችውን ስትነግረው የተበታተነ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰሌዳ የሞላበትን ካርቶን ወደ ብርሃኑ ጎተተና ሳቀ።

«እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቤዝ ጨምርልኝ ነው የሚለው፣ እትዬ ጌጤ። ቤዝ አውጣልኝ ብሎ የመጣ አንቱ የመጀመሪያ ነዎት።»

«ቤዙን እወደዋለሁ» አለችው። «ጎረቤቴም ልጅ አላት።»

ካርቶኑን ሁለቱ ተጋግዘው በረበሩት። እሷ የምትፈልገው 333 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ካፓሲተር ነው። አንዱ ቶሎ ተገኘ፤ ሁለተኛው ከሞተ ቴሌቪዥን ሰሌዳ ላይ ተነቅሎ ወጣ። ሁለት ደግሞ 223 የሚሉ፣ ትንሽ አነስ ያሉ ነበሩ፤ ቢያስፈልጉ ብላ ጨመረቻቸው። ሙሄ ሬዚስተሮቹን፣ ነጭና ቀይ ጃክ፣ አንድ ክንድ የብየዳ ሊድ በጋዜጣ ጠቀለለላት። ጥቅሉን ሊሰጣት ዘርግቶ እጁን መለስ አደረገ። ልጅዎ ሐሙስ ዕለት መጥቶ ነበር አላት። የስፒከሮቹን ገመድ ፍታታልኝ፣ ካራቆሬ አንድ ጭማቂ ቤት የሚከፍት ሰው ይወስደዋል ብሎት ነበር። ሙሄ ባለቤቷን ሳልጠይቅ የሰው ዕቃ አልነካም ብሎ መለሰው። ቀድሜ ልነግርዎት ይገባ ነበር፣ በእናትና በልጅ መሐል መግባት ከበደኝ አለና ጥቅሉን ሰጣት። ጌጤ አልተቆጣችውም። ሒሳቡን ከፍላ፣ ከደጃፉ ፈቀቅ ብላ፣ ጆንያ የሚሸከሙትን ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየች። የካራቆሬ ሰው ያውቃል፣ ሙሄ ያውቃል፣ ሂዳያ ታውቃለች። በራሷ ቤት የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ነበረች።

ስትመለስ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ገፋችው። ከአልጋው ሥር ሁለት ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አወጣች፤ ወንፊቶቹ የሚቀመጡት በነዚህ ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮው ከምድሩ ሽቦ ጋር ካልተያያዘ ድምፁ እንደ ንብ እዝዝ ይላል። በምስማር በስታ ቀዳዳ አበጀች። ገመዱን ቆርጣ ጫፉን ገፈፈች። የሊድ ማቅለጫ ካውያዋን መብራት ላይ ሰክታ እስኪግል ጠበቀች። ስትሠራ ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ ብቅ የማድረግ ልማድ አላት፤ ተማሪዎች ድሮ በዚህ ይስቁባት ነበር። አንድ የካፓሲተር እግር፣ ጠብታ ሊድ፣ እፍ። ሌላ እግር፣ ጠብታ ሊድ፣ እፍ። ትልቁን ሥራ መነጽሯ ሠራ እንጂ ጆሮዋ ለዚህ አላስፈለገም፤ ግን ጆሮዋም ሥራ አልፈታም፤ ከኋላ ክፍል ሀብታሙ ተመልሶ መምጣቱን፣ በስልክ «አሥር ሰዓት፣ አዎ፣ አዎ» ማለቱን ሰማች።

በስድስት ሰዓት ወይንሸት ምሳ ይዛላት ገባች። ምስር ወጥ ነበር። ሳህኑን ካስቀመጠች በኋላ እንደ ሌላው ቀን ወዲያው አልወጣችም። ክፍሉን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚህ በኩል ይገባ እንደሆነ ጠየቀች። ጌጤ ካውያውን ከእጇ ሳታወርድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይገባል አለቻት። ወይንሸት ራሷን ነቀነቀች። ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ ያደረጉልኝን አልረሳውም» አለች። ጌጤ ለፋሲካ ስለሰጠቻት ቀሚስ የምታወራ መሰላት። ከፋሲካ ወዲህ ብዙ ሳምንት አልፏል፣ ግን ምራቷ ቁጥብ ሰው ናት፤ ምስጋናዋም ዘግይቶ የሚመጣ ዓይነት ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወጡ እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁለቱን ቆርቆሮዎች በገመዱ መሐል ሰክታ፣ ዘፈኖቿ ያሉበትን ፍላሽ ማጫወቻው ውስጥ አስገብታ ከፈተችው። ሁልጊዜ የምትጀምርበት ዘፈን ነው፤ አሮጌ የኦርኬስትራ ባቲ ቅኝት፣ ቤዝ ጊታሩ ከዘፋኙ ቀድሞ የሚገባበት። ቤዙ ሳሳ ብሏል። ግድግዳውን በቡጢዋ ሁለት ጊዜ መታች፤ ከወዲያ ሂዳያ መለሰች። ትንሽ ቆይታ በበሩ በኩል አንገቷን ብቅ አደረገች። ሳህኖቹ ቀንሰዋል፣ ትሪው ግን አሁንም ያንሿሿል አለቻት። አንድ ወንፊት አልበቃም ማለት ነው። ሰርገኛ ጤፍ ያስፈጨ ሁሉ እንደሚያውቀው ዱቄት አንዳንዴ ሁለቴ ይነፋል። ጌጤ ቆርቆሮዎቹን እንደገና ከፈተች፤ 223 የሚሉትን ሁለቱን አውጥታ ከመጀመሪያዎቹ ቀጥሎ ልታስገባቸው ተዘጋጀች። ካውያውን አነሣች። የመጀመሪያውን እግር ልታስነካ ስትል ከውጭ የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ድምፅ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። መብራት ሄደ።

ካውያው በእጇ ላይ ሲቀዘቅዝ ይታወቃት ነበር። ስምንት ሰዓት ሆነ። ከኋላ ክፍል ሀብታሙ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው አልሰማችም፤ ለራሷ ግን በሩ ዝግ ስለሆነ ነው ያልሰማሁት አለች። ከዚያ ተነሥታ ከሣጥኗ ታች፣ ከድሮ የትምህርት ቤት ዕቃዋ መሐል፣ የእንጨት እጀታ ያለው ወፍራም የመዳብ ካውያ አወጣች። መብራት በማይደርስባቸው የቀወት ገጠር ትምህርት ቤቶች ሬዲዮ ልትጠግን ስትላክ በአህያ ተጭኖ ይከተላት የነበረ ነው፤ የሚግለው በከሰል ነው። በረንዳው ላይ ምድጃ አቀጣጠለች። በዚያ ሙቀት ላይ ከሰል! ላቧ ከግንባሯ እየወረደ መነጽሯ ላይ ተንጠባጠበ። ካውያውን ከፍም ውስጥ እያወጣች፣ በጨርቅ እየጠረገች፣ ሳይቀዘቅዝ ሁለት ሦስት እግር ታስይዛለች፤ ደግሞ ትመልሰዋለች። ሀብታሙ በረንዳው ላይ ብቅ ብሎ አያት። በዚህ ፀሐይ ከሰል ምን ያደርግልሻል፣ ግቢና ጋደም በይ አላት። ድምፁ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር። እሷም መለሰችለት፤ እሠራለሁ አለችው። ምን እንደምትሠራ አልጠየቃትም። እናትና ልጅ ምድጃውን መሐል አድርገው ትንሽ ቆሙ። እሱ ሰዓቱን አየ። እሷም ሰዓቱን ሲያይ አየችው። ከዚያ ተመልሶ ገባ።

ሥራው ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር፤ መብራት ግን የለም። ጌጤ ሁሉንም ገጥማ፣ የማጉያውን ማብሪያ እንደተከፈተ ትታ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ሂዳያ ልጁን ታቅፋ መጥታ በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። ከአስፋልቱ ላይ ወደ ደሴ የሚወጡ መኪኖች ያልፋሉ፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር ጌጤ ፍጥነቱን ይቀንስ እንደሆነ ታዳምጣለች። ዘጠኝ ተኩል። ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አጓራና ተነሣ፤ የማጉያው ቀይ መብራት በራ፤ ዘፈኑም ካቆመበት ቀጠለ። ሂዳያ ሮጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ጌጤ ድምፁን ቅዳሜ ቅዳሜ እስከምታደርስበት ድረስ ከፍ አደረገችው፤ ቀጥላም ከዚያ በላይ ከፍ አደረገችው። ዘፋኙ ጠርቶ ወጣ፤ ማሲንቆው፣ ሳክስፎኑ፣ የጭብጨባው ጣት ሳይቀር ጠርቶ ወጣ። ከታች ግን ባዶ ነበር። ቤዝ ጊታሩ በሚገባበት ቦታ ላይ ደረቷ ራሱ ጠብቆት፣ ሳያገኘው ቀረ። የምትወደውን ዘፈን በገዛ እጇ ወገቡን ቆርጣለች። ግድግዳውን መታች። ሂዳያ ከወዲያ ማዶ ተጣራች፤ ሳህኖቹ ዝም ብለዋል፣ ትሪውም ዝም ብሏል፣ ልጁም ተኝቷል አለች። ጌጤ ይኸው በቃ አለች ለራሷ። ወገቡ ቢቆረጥም ዘፈኑ ቤቱ ይቀራል።

ፒካፑ ከአሥር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ መጣ። ጌጤ ባዶውን የሚመጣ መስሏት ነበር። ጭነቱ ግን ሙሉ ነበር። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ መስታወት፣ የሚሽከረከር የቆዳ ወንበር፣ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሁለት የፕላስቲክ መታጠቢያ። ሾፌሩ ወርዶ ገመዱን መፍታት ጀመረ፤ ሀብታሙና ወይንሸትም ከኋላ ወጡ። ጌጤ ዘፈኑን ሳታጠፋ በሯ ላይ ቆማ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ሾፌሩን ጠየቀችው።

«የፀጉር ቤት ዕቃ ነው፣ እናቴ» አላት። «እዚህ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ይገባል ተብሏል። ከዚያ ስፒከሮቹን እጭናለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ክፍሏ የወይንሸት ፀጉር ቤት ሊሆን እንደነበር የገባት። የመስኮቱ ፀሐይም፣ የወይንሸት ምስጋናም ገባት። ቀኑን ሙሉ በከሰል ስትጠበስ የዋለችለት የግድግዳው ድው ድው፣ የሂዳያ ሳህን፣ የልጁ እንቅልፍ፣ ሁሉም ለሀብታሙ ሰበብ ብቻ ነበሩ። ሀብታሙ ቀረብ ብሎ እጇን ሊይዛት ሞከረ፤ ሊነግራት አስቦ እንደነበር፣ ጊዜ እንዳጣ፣ ከኋላ ያለው ክፍል ለእሷም ቀዝቀዝ እንደሚልላት ይነግራት ጀመር። እሷ እጇን ሳትሰጠው ሂዳያን ጠራቻት። ሂዳያ መጋረጃዋን ገልጣ ወጣች። አብዱልሰመድም ባጃጁን እያቆመ ነበርና መሪውን እንደያዘ ቀረ።

ጌጤ ለሂዳያ ሳህኖቹ ይንቀጠቀጡ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሂዳያ የለም፣ አይንቀጠቀጡም አለች። ዘፈኑ በዚያው ከፍታ እየጮኸ ነበር።

«እማዬ፣ ነገሩ የድምፁ አይደለም» አለ ሀብታሙ።

«እሱን አሁን አየሁት» አለችው። «እንግዲህ ጠዋት ለሂዳያ የነገርካትን እኔ ፊት ንገራት።»

ሀብታሙ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ አየ።

«ጆሮዋ ከድቷታል ብለሃል። ጭንቅላቷም እንደ ድሮው አይደለም ብለሃል። አሥር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል፣ እስከዚያ ቻሏት ብለሃል። አንድ ቃል ጨምሬ እንደሆነ አርመኝ።»

ሾፌሩ ገመዱን በእጁ እንደጠቀለለ ወደ ሌላ ወገን ዞረ። ሀብታሙ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ቀድማው የተናገረችው ወይንሸት ነበረች። ፊቷ ደም ለብሷል።

«እማማ እሺ ብለዋል፣ ክፍሉን ለቀውልሻል ነው ያልከኝ» አለችው ለባሏ። «እኔ ምሳ ይዤ ገብቼ አመስግኛቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞራ፣ «ወደዚህ ክፍል አታስገባው። እዚያው በረንዳ ላይ አውርድልኝ» አለች።

ሀብታሙ በዚህ ፀሐይ በረንዳ ላይ ምን ሊሆን ነው ሲል ጌጤ ለእሱ አልመለሰችለትም። ለወይንሸት ነገረቻት። ፀጉር ቤት መክፈቷን እንደማትቃወም፣ ጠይቃት ቢሆን ኖሮ ከግቢው በር አጠገብ ያለውን ዕቃ ቤት አብረው እንደሚያጸዱት፣ በሩም ወደ መንገዱ መከፈት እንደሚችል፣ መብራቱን ራሷ ልትዘረጋላት እንደምትችል ነገረቻት። አሁንም ከሰኞ ጀምሮ መጥረግ ይቻላል አለቻት። «ይሄ ክፍል ግን የኔ ነው» አለች። «በሕይወት ሳለሁ ከዚህ የሚያስነሣኝ ሰው፣ መጀመሪያ ፊቴ ቆሞ ተነሺ ይበለኝ።» ወይንሸት ቀርባ ጉልበቷን ልትነካ ጎንበስ ስትል ጌጤ ክንዷን ይዛ ቀና አደረገቻት።

መስታወቱ፣ ወንበሩና ካስኩ በረንዳው ላይ ወረዱ። አብዱልሰመድ ሳይጠራ መጥቶ አገዘ፤ ቆርቆሮው የማይከልለውን ጥግ በሂዳያ ሸራ ሸፈኑት። ሾፌሩ ጭነቱን ሲጨርስ ባዶ መኪናውን አየና የካራቆሬው ሰው ስፒከር ጠብቅ ተብሎ ስፒከር ሲያጣ ምን ልበለው ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው ሀብታሙን ነበር፤ የመለሰችለት ጌጤ ናት።

«ባለቤቷ እየሰማችበት ነው በለው።»

ሾፌሩ ሳቁን አፍኖ መሪውን ያዘ። ሀብታሙ ሚስቱን አየ፣ እናቱን አየ፤ ሁለቱም ቀና ብለው አላዩትም። በግቢው በር ወጥቶ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደ። ጌጤ በዓይኗ አልተከተለችውም። ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሀብታሙ ልጇ ነው፤ አንድ ልጇ ነው። ሲወለድ የማልቀስ ድምፁ ቀጭን ስለነበር አዋላጇ ሴት ልጅ መስሏት እንደነበር ሳታስበው ትዝ አላት። ሄዳ ልትፈልገው፣ ተመለስ ልትለው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልትለው ይቃጣት ነበር፤ እግሯ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። አልተነሣችም። የማጫወቻውን ቁልፍ ተጭና ዘፈኑን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የነበረው የጠዋት ጊዜዋ ባክኖባታልና ልትተካው ፈለገች፤ ሰዓት ጠብቃ ማቆም ያለባትም አልመሰላት። ከግድግዳው ወዲያ ሂዳያ ዕቃ እያጠበች ከዘፋኙ ጋር ታንጎራጉር ነበር። ወይንሸት ከበረንዳው የአቧራ መጥረጊያ ድምፅ ታሰማለች። ጌጤ ሁሉንም ለየብቻው ሰማች። ቤዝ ጊታሩ በሚገባበት ቦታ ላይ አሁንም ባዶ ነበር፤ ግን በሦስተኛው ዘፈን ላይ ቦታውን ራሷ በከንፈሯ መሙላት ጀመረች፤ ዱም፣ ዱም፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ፀሐይ ከመስኮቱ ወርዳ የግቢው ጥላ ሲረዝም የሀብታሙን እርምጃ ከግቢው በር ጀምሮ አወቀችው። በረንዳው ላይ ቆም አለ። ከዚያ በሯ ተንኳኳ። በዚያ ቤት ተወልዶ አድጎ፣ አግብቶም እዚያው ኖሮ፣ ሀብታሙ የእናቱን በር አንኳኩቶ አያውቅም ነበር።

«እማዬ» አለ ከውጭ።

በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ በጣቱ ቢገፋው ይከፈታል። አልገፋውም። ዘፈኑ ገና አጋማሽ ላይ ነበር፤ ዘፋኙ ሁለተኛውን ስንኝ ሊጀምር ትንፋሹን ሰብስቧል። ጌጤ ሰምታዋለች። መደገፊያው ላይ ጀርባዋን አሳረፈች፤ ዘፈኑም እስኪያልቅ ድረስ ግባ አላለችውም።